ሦስት ግድግዳ እና አንድ ጥቁር ገመድ

ኡርጂ ዱጋሳ የሰው ምልክት ስትሠራ እጇ አይንቀጠቀጥም። ሲግናል አካባቢ ከጓደኛዋ ከሰዓዲያ ጋር በከፈተቻት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የዳቦ ቤት፣ የክሊኒክ፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ፣ የሙሽራ መኪና ኪራይ ሳይቀር ያልሠራችው ሎጎ የለም። ደንበኛ ገብቶ "መሀሉ ላይ ግሎብ፣ ዙሪያውን የስንዴ ዛላ አድርጊልኝ" ሲላት ትስቅና "ግሎቡን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ለእርስዎ የራስዎን እንሥራ" ትለዋለች። ሰውየው መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ያስባል፣ ሲወጣ ግን የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ደስ ብሎት ነው። እንግዲህ እንዲህ በራሷ የምትተማመን ልጅ ናት በዚያ የነሐሴ መጨረሻ ቅዳሜ መስታወት ፊት ቆማ ሸሚዝ ስትለብስና ስታወልቅ ያረፈደችው።

"ወላሂ ኡርጂ፣ ሎጎ ልታሳዪ ነው ወይስ ልትታጪ?" አለቻት ሰዓዲያ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ብቅ ብላ።

"ሥራ ነው። ፕሬዘንቴሽን ነው።"

"እሺ ይሁን። ታዲያ ፕሬዘንቴሽኑ ሽቶ ለምን አስፈለገው?"

ኡርጂ ሥራዋ ሁሉ ያለባትን ፍላሽ በጥቁር ገመዷ አንገቷ ላይ አጠለቀችና ወደ ሸሚዟ ውስጥ ከተተቻት። አንድ ጊዜ የስንት ሳምንት ልፋቷን የያዘች ፍላሽ ታክሲ ውስጥ ረስታ፣ ፍላሺቱ ወደ መገናኛ ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ከዚያን ወዲህ ፍላሽ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ይህችን ጥቁር ገመድ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

አካሉ ወደ ሱቋ ብቅ ያለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነበር። ሚሊኒየሙ ተከብሮ ባለፈ በዓመቱ ነው፤ ከተማው ሁሉ እየፈረሰ የሚሠራበት፣ ሰው ሁሉ ስለ ብሎኬትና ስለ ብረት የሚያወራበት ጊዜ። አካሉ ቁመተ ረጅም፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው አርክቴክት ነው። ተቀጥሮ ከሚሠራበት ቢሮ ወጥቶ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን እናቱ ግቢ ውስጥ ባለው አሮጌ የድንጋይ ቤት የራሱን የሥነ ሕንጻ ወርክሾፕ ሊከፍት ነው። ለሎጎ ያሰበውንም ራሱ ስሎ ይዞ መጥቷል፤ ኮምፓስ፣ ማስመሪያና ባለ መስታወት ፎቅ።

"ይሄን ቦሌ መንገድ ላይ አይቼዋለሁ" አለችው።

"የት ጋ?"

"ሁሉም ጋ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ሰብስቦ ይወጣ ነበር። አካሉ ግን እስኪያስለው ሳቀ። ነገሩ የተጀመረው በዚያች ሳቅ ነው።

"ቤት ስትነድፍ ከምን ትጀምራለህ?" ስትል ጠየቀችው። የአንድ ቤት ምልክት ከሥራው ካልወጣ ከየት ይወጣል የሚል እምነት አላት።

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። "ከሦስት ግድግዳ" አላት። "አራተኛውን አልሰምረውም። ወረቀቱን ለባለቤቱ እሰጠውና እርሳሱን አስይዘዋለሁ። ይሄንን አንተ ሥራው እለዋለሁ። አንዱ ሰፊ መስኮት ያደርገዋል፣ አንዷ ኩሽናዋን ታወጣበታለች፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ፣ እዚህ ከኮተቤ በላይ ናቸው፣ ተወው ልጄ፣ ላሞቼን ልይበት አሉኝ።"

ኡርጂ ብዕሯን አስቀመጠች። አንዳንዴ ምልክት ለሳምንት ተፈልጎ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰው አፉን ሲከፍት ዱብ ይላል። "ተገኝቷል" አለች። ሦስት ወፍራም ጥቁር መስመር፣ አራተኛው ጎን ባዶ። ካርዱ ላይም፣ ደብዳቤ መጻፊያው ላይም፣ ማህተሙ ላይም፣ በሩ ላይም እንደዚያው። ካርድ የተቀበለ ሰው እርሳስ ይሰጠውና የጎደለውን ራሱ ያሰምራል፤ ስለዚህ በከተማው ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነት ካርድ አይኖርም።

አካሉ ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ወረቀቱን ካየው ይልቅ እሷን ያየው በለጠ።

በእነ አካሉ ሙያ አንድ ደንብ አለ፤ የሌላ ሰው ሥዕል ላይ አይሰረዝም። ሥር ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት፣ ትሬሲንግ የሚሉትን፣ ከላይ ይነጠፍና አስተያየት በዚያ ላይ ይሣላል። እናም ክረምቱን ሙሉ ስስ ወረቀቶች ከፈረንሳይ ሲግናል፣ ከሲግናል ፈረንሳይ ሲመላለሱ ከረሙ። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ "መስመሩ ትንሽ ይወፍር?" ብሎ ጻፈ። "አይወፍርም" ብላ መለሰች። ቀጥሎ "ትናንት ዝናቡ ያዘሽ?" አለ። ሌላ ቀን ደግሞ "የለበስሽው ቢጫ ሹራብ ለሎጎው ቀለም አይሆንም?" ሲል፣ "ቢጫው የግሌ ነው፤ ለደንበኛ አይሰጥም" አለችው። ወረቀቱ እየተደራረበ ሄዶ ሥር ያለው ሎጎ ጨርሶ አልታይ አለ። ሰዓዲያ ክምሩን አንስታ ብርሃን ላይ ይዛ፣ "ይሄ ሎጎ ነው ወይስ ጋቢ?" ብላ አሾፈች።

ፍቅሩ ቀላል ነበር፤ የከበደው ሌላው ነው። ኡርጂ ከወለጋ መጥተው ሲግናል ከሰፈሩ የወንጌል አማኞች ቤት የተወለደች ጴንጤ ናት፤ አባቷ አቶ ዱጋሳ የጉባኤያቸው ሽማግሌ ናቸው። የአካሉ ወገኖች ደግሞ ከእንጦጦ ሥር ከአያት ከቅድመ አያት የኖሩ ኦርቶዶክሶች ናቸው። እናቱ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ወር በገባ በአንዱ እንጦጦ ራጉኤል ሳይሳለሙ ቀርተው አያውቁም።

ኡርጂ ልቧ እንደሄደ ባወቀችበት ዕለት ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ዱጋሳ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ጀመሩ። "እምነቱ ያሳስበኛል፤ አልዋሽሽም" አሏት በመጨረሻ። "ከዚያ በላይ የምፈራው ግን በጓዳ የሚወድሽ፣ በአደባባይ የማያውቅሽ ሰው እንዳይሆን ነው።" ኡርጂ ሳቀች። አካሉ እንደዚያ ዓይነት ሰው እንዳልሆነ እርግጠኛ ነበረች።

*

ወይዘሮ የማርያምወርቅ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ከባህር ዛፉ ሥር የተጠጋ ነውና፣ ዝናብ ባባራ ቁጥር የቅጠሉ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። በዚያ ቅዳሜ ኡርጂን በር ላይ ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። አቅፈዋት ሳሉ ዓይናቸው ከሸሚዟ ኮሌታ ሥር ብቅ ያለችው ጥቁር ገመድ ላይ ዐረፈ።

"እሰይ!" አሉ። "እሰይ የኔ ልጅ! ማተቧን አጥብቃ ይዛለች። አካሉ፣ አየህልኝ? የዛሬ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጥለው ማተቡን ነው። የማን ልጅ ነሽ አንቺ? እንዲህ አድርጎ ያሳደገሽ ይባረክ!"

የኡርጂ እጅ ወደ አንገቷ ሄደ። ገመዷ እንደ ማተብ ልትታይ እንደምትችል አንድም ቀን አስባ አታውቅም። "እማማ፣ ይሄ እኮ..."

"እማዬ!" አለ አካሉ ከአፏ ነጥቆ። "ጣሪያው የሚያፈሰው የት ጋ ነው ያልሽኝ? ኡርጂ ቤቱን ትየው እስቲ።"

ኡርጂ ወደ እሱ ዞረች። እሱ ወደ ጣሪያው አየ። ጣሪያው ደረቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳሳየች፣ ምን እንዳስረዳች በደንብ አታስታውሰውም። የምታስታውሰው ወይዘሮ የማርያምወርቅ እጇን እጃቸው ውስጥ እንደያዙ መቆየታቸውን ነው። ስለ ሟቹ ባላቸው አጫወቷት፣ ድንጋዩን ከየት አምጥተው ቤቱን እንደሠሩ ነገሯት፤ ብዪ እንጂ እያሉ አጎረሷት። "በመክፈቻው ቀን የንስሐ አባቴ አባ ገብረ ክርስቶስ ጸበል ይረጩልናል። ካንቺ ጋር አስተዋውቃቸዋለሁ" አሉ። "ከዚያ በኋላ በአንዱ ራጉኤል አብረን እንወጣለን። ዳገቱ ብቻዬን ከብዶኛል።"

ኡርጂ ሴትዮዋን ወደደቻቸው። የሚያመውም ይኸው ነበር። እንደዚያ በስስት የሳሙት እሷን ሳይሆን ገመዷን ነው።

*

ቁልቁል ወደ ታክሲው ሲወርዱ አካሉ ጃንጥላውን ከእሷ በላይ ይዞ እሱ እየረጠበ ነበር። እሷ ከጃንጥላው ወጣች።

"ጣሪያው ያፈሳል?" አለችው።

"ኡርጂ፣ ፕሊስ።"

"አይ፣ የሥራ ጥያቄ ነው። ምልክት ልሰቅልበት ነውና ልወቅ።"

"ደነገጥኩ" አለ። "አባዬ ከሞተ ወዲህ እማዬ ሰው እንደዚያ አቅፋ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። እንዴት አድርጌ ላቋርጣት?"

"እኔን ግን አቋረጥከኝ።"

አካሉ ቆመ። "ለጊዜው ነው እኮ። ትወድሻለች፤ ከወደደችሽ በኋላ ስነግራት ይቀላል።"

"ከወደዱኝ በኋላ ስትነግራቸው አታለለችኝ ነው የሚሉት። አታለለኝ አይሉም፤ አታለለችኝ። ልጅ አይጠላም፤ የሚጠላው የልጅ ወዳጅ ነው።" ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ኡርጂ ስትቆጣ ይበልጥ ትረጋጋለች። "አካሉ፣ እኔ ምልክት የምሠራ ሰው ነኝ። ዳቦ ቤቱን ባንክ አስመስዬ አልሠራም። ራሴንም ያልሆንኩትን አስመስዬ በሰው በር አልገባም።"

"ልትተዪኝ ነው?"

"ሥራህን እጨርሳለሁ።"

"ስለ ሥራው አልጠየቅኩሽም።"

"ስለ ሌላው ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ለማታውቀው ሰው ሁሉ እርሳስ ሰጥተህ አራተኛውን ግድግዳ ታሠራለህ። ለገዛ እናትህ ሲሆን እርሳሱን ነፈግሃቸው። ምን እንደሚሉ እንኳ ሳትሰማ ግድግዳውን ራስህ ዘጋኸው። እስከ መክፈቻው ቀን ድረስ ክፈተው። እኔ አልከፍትልህም።"

ታክሲ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣ ወያላው "ሒሳብ" ሲላት እንኳ አልሰማችውም። ያናደዳት መዋሸቱ ብቻ አይደለም። እንዲህም ሆኖ፣ በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ከጆሮው ላይ ያንን እርሳስ ሲያወርድ፣ እንደምትወደው በደንብ ስላወቀች ነው።

*

አዲሱ ዓመት ገባ። ኡርጂ ቃሏን ጠበቀች፤ ሥራዋን ሠራች። ካርዶቹ ታተሙ፣ ማህተሙ ተቀረጸ፣ ሰፊው የቆርቆሮ ታፔላ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሦስቱ ጥቁር ግድግዳዎች ተሳሉበት። ሾላ ገበያ ወርዳ ታፔላው እስከሚገለጥ የሚሸፈንበት አቡጀዲ ገዛች፤ እዚያው አጠገብ ካለው የብረታ ብረት መደብር ደግሞ ወፍራም የአናጢ እርሳስ።

ስስ ወረቀቶቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። "ነገ እነግራታለሁ" ይላል አንዱ ጠርዝ። የሚቀጥለውም "ነገ" ይላል። ኡርጂ የሥራውን ጥያቄ ብቻ መልሳ ትልካለች፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ወረቀት መላክ ጀመረች።

"ይሄ ልጅ ፎቅ ያቆማል፣ አንዲት ቃል ማቆም ግን አቃተው" አለች ሰዓዲያ። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ለስለስ አለች። "ግን ኡርጂ፣ እስቲ አስቢው። ሴትዮዋ ደስ ብሏቸዋል፣ እሱ ይወድሻል። ገመድ ነች። ማን ይጎዳል?"

"እኔ" አለች ኡርጂ።

ሰዓዲያ ተጨማሪ አልጠየቀችም። እሷም ሻሿን አስተካክላ በዚህ ከተማ ስትኖር፣ እንደሌላ ሰው መታየት የሚቀልባቸው ቀኖች ምን እንደሚመስሉ ታውቃለች። ተነሥታ ሻይ አመጣችላትና አጠገቧ ቁጭ አለች።

የመክፈቻው ቀን ሰማዩ ጠርቶ እንጦጦ ከነዛፉ ቅርብ ሆኖ የሚታይበት የመስከረም ጠዋት ነበር። በፈረንሳዩ ግቢ ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቧል። ኡርጂ ሸሚዟን አንዴ ብቻ ነው የለበሰችው፤ ቢጫ ሹራቧንም ደረበችበት። ፍላሿ አንገቷ ላይ ናት፤ የወርክሾፑን ምልክት በሙሉ ለእንግዶች በኮምፒዩተር የምታሳየው ከእሷ ነው። በሩ ላይ አካሉን አገኘችው። ፊቱ እንቅልፍ ያልጎበኘው ሰው ፊት ነው። በዓይኗ ጠየቀችው። እሱ መሬት መሬት አየ።

አልተናገረም።

ሥራዬን ሠርቼ እወጣለሁ አለች ኡርጂ በልቧ፤ አባዬ ልክ ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ ኮምፒዩተሩ አጠገብ ጥግ ይዛ ቆመች።

አባ ገብረ ክርስቶስ ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ አባት ናቸው። ጸሎት አደረሱ፣ ክፍሉን ዞረው ጸበል ረጩ፤ የረጩት የሥዕል ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ አካሉ ወረቀቶቹን አልሰበሰበም። ቀጥሎ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ሰው በየተራ ይሳለም ጀመር። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ተሳልመው ቀና ሲሉ ኡርጂን ጥግ ላይ አዩዋት። መጥተው በክንዷ ያዟት።

"ነይ እንጂ ልጄ፣ ምን ጥግ ይዘሽ ትቆሚያለሽ! አባ፣ የነገርኩዎት ልጅ ይቺ ናት። አንገቷን ይዩልኝ። ዛሬ እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ትገኛለች?"

ሰው ሁሉ ወደ አንገቷ አየ። መስቀሉ ወደ እሷ ተዘርግቷል። ጎንበስ ብትል በቃ፣ ያልቃል፤ ሴትዮዋም ደስ ይላቸዋል፣ አካሉም ይተነፍሳል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ለዘላለም ማንም ምንም አያውቅም። ይህ ሐሳብ ነው ያስፈራት።

ኡርጂ ለአባ በአክብሮት እጅ ነሣች። ከዚያ ገመዷን ይዛ ከሸሚዟ ውስጥ ሳበቻት። ጫፏ ላይ ትንሿ ፍላሽ ተንጠልጥላ ወዲያ ወዲህ አለች።

"አባታችን፣ አክብሮቴ ከልቤ ነው" አለች። "ግን ማተብ አይደለም። የወርክሾፑ ሥራ ያለባት ፍላሽ ናት። እኔ ጴንጤ ነኝ። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፍቅርዎ ገመዴ ላይ ሲያርፍ ባየሁ ጊዜ ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ።"

ከእንግዶቹ አንዷ "በስመ አብ" አለች። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ክንዷን ለቀቁ። ኡርጂ የዚያች እጅ ሙቀት ከክንዷ ላይ ሲሄድ ተሰማት።

አካሉ ክፍሉን አቋርጦ መጣ። ሰው መሀል እየተጋፋ ነው የመጣው፤ አንድ ወንበር ገፍቶ ጣለ፣ አላነሣውም። መጥቶ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካ አጠገቧ ቆመ።

"የኔ ጥፋት ነው እማዬ" አለ። "ጴንጤ መሆኗን ከመጀመሪያው አውቃለሁ። ያን ቀን ልትነግርሽ አፏን ስትከፍት ስለ ጣሪያ ያወራሁት እኔ ነኝ። ጣሪያው አያፈስም። እስከ ዛሬ እንድነግርሽ ዕድል ሰጠችኝ፤ በየቀኑ ነገ አልኩ። ሰው ሁሉ ይስማኝ፤ እወዳታለሁ። ከፈቀደች አገባታለሁ። ከዚህ በኋላ ባትፈቅድ ደግሞ አልፈርድባትም።"

አባ ገብረ ክርስቶስ መስቀላቸውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱ። "የማርያምወርቅ" አሉ። "ልጅቷ እውነቱን የተናገረችው በመስቀሉ ፊት ነው። ይህንንም ቁጠሪላት።"

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ተቀመጡ። ልጃቸውን አዩት።

"እኔን ያስከፋኝ የእሷ አንገት አይደለም" አሉት። "ያንተ አፍ ነው። አባትህ ሲያርፍ ስንት ዓመትህ ነበር? ሕፃን ነው፣ መንገድ ሄዷል በይው አሉኝ ሰዎች። እምቢ አልኩ። እቅፌ አድርጌ እውነቱን ነገርኩህ። አብረን አለቀስን። እኔ አንተን በዚያ ዕድሜህ እውነት ይችላል ብዬ አመንኩህ። አንተ እኔን በዚህ ዕድሜዬ ምን አድርገህ ነው የገመትከኝ?"

አካሉ እንባውን አልጠረገውም። "ፈራሁ እማዬ" አለ።

ወደ ኡርጂ ዞሩ። "አንቺም ስሚኝ። ማተብ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።"

"አውቃለሁ እማማ።"

"አሁንም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ጎተት አደረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣም፣ ሐዘንም፣ ሌላም ነገር ነበረበት። "እንግዲህ የሠራሽውን አሳዪኝ" አሉ። "ለእሱ ነው የመጣሽው።"

ሁሉም ተከትሎ ወደ ውጭው በር ወጣ። ኡርጂ አቡጀዲውን ሳበችው። ነጩ ታፔላ ፀሐይ ላይ አበራ፤ ሦስት ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ "አካሉ የሥነ ሕንጻ ወርክሾፕ" የሚል ጽሑፍ። እንግዶቹ ተንሾካሾኩ። "አላለቀም እንዴ?" አለ አንዱ።

"አላለቀም" አለች ኡርጂ፤ በሥራዋ ጉዳይ ሲሆን ድምፅዋ ይመለስላታል። "አካሉ ቤት ሲነድፍ አራተኛውን ግድግዳ ለባለቤቱ ይተወዋል። ምልክቱም እንደዚሁ ነው። ካርዱን የሚወስድ ሁሉ የራሱን መስመር ያሰምርበታል። የዚህ ቤት ባለቤት ደግሞ እርስዎ ነዎት።" የአናጢውን እርሳስ ዘረጋችላቸው። "የሚሉትን ያስምሩበት። የፈለጉትን። ድርግም አድርገው ቢዘጉትም የእርስዎ ነው፤ እኔ አልነካውም።"

ወይዘሮ የማርያምወርቅ እርሳሱን ተቀብለው ታፔላው ፊት ቆሙ። ሴትዮዋ ከላይ ጀምረው ወደ ታች አሰመሩ። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ጥቁር ነው፣ የተጫኑት ነው። መሀል ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አነሡ። ሁለት ስንዝር ያህል ዘለሉ። ከዚያ ወርደው እንደገና ጀመሩና እስከ ታች አደረሱት።

"እማማ፣ ይቺ የዘለሏት..." አለ ያው እንግዳ።

"በር ናት" አሉት ወይዘሮ የማርያምወርቅ። "በር የሌለው ቤት መቃብር ነው።"

እርሳሱን ለኡርጂ መለሱላት፤ እጇንም አብረው ያዙት። "በአንዱ ራጉኤል ስሄድ ዳገቱን ትደግፊኛለሽ። ቅጥሩ በር ላይ ትጠብቂኛለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔና ራጉኤል እንነጋገርበታለን። አባትሽንም ማየት እፈልጋለሁ፤ እውነት ተናጋሪ ያሳደጉ ሰው ናቸው። በይ አሁን ፀሐይ ላይ አትቁሚ፤ ግቢ።"

ስንት ሰው ፊት ቆማ ያልተንቀጠቀጠው የኡርጂ እጅ አሁን ተንቀጠቀጠ።

"እኔስ እማዬ?" አለ አካሉ ከኋላ።

"አንተማ ጣሪያው ያፈሳል ብለሃል" አሉት ሳይዞሩ። "ውጣና ጠግን።"

ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አባ ገብረ ክርስቶስ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። እንግዶቹ ሴትዮዋን ተከትለው ሲገቡ ሁለቱ ታፔላው ሥር ቀሩ። አካሉ አልሳቀም። የተንቀጠቀጠውን መስመር አየ፣ በሯን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ፤ ለመጠየቅ እንኳ አልደፈረም። ኡርጂም ነገሩን ልታቀልለት አልፈለገችም። ለሳምንታት ነገ ብሏታል፤ እሷም ትንሽ ታቆየው።

ፍላሿን ወደ ሸሚዟ አልመለሰቻትም፤ ከቢጫው ሹራብ በላይ ተንጠልጥላ ሰው ሁሉ ያያታል። እርሳሱን አንሥታ ጆሮው ላይ፣ ሁልጊዜ በሚያስቀምጥበት ቦታ ሰካችለት።

"መሰላል አላችሁ?" አለችው።

"መሰላል? አለ፣ ጓሮ ነው። ለምን?"

"ጣሪያ ልትወጣ አይደል?" አለች፤ አሁን እንባዋ ወርዶ ነበር፣ ፈገግታዋም አብሮ። "ሂድ አምጣው። እኔ እይዝልሃለሁ።"